የግራው ክንፍ

መርፌዋን ከወዲህ ወጋች፤ ባሏ ከወዲያ ተቀበላት። ጫፏን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳባትና ከእንጨቱ ጎድን ባሻገር አሳልፎ መልሶ ወደ እሷ ገፋት። ልብስ ሰፊዋ ክሩን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረች፣ በሜትሯ ሁለት ጣት ያህል ለካች፣ በጠመኔ ነጥብ አደረገችና ደግማ ወጋች። በሁለቱ መካከል፣ ጠረጴዛው ላይ በጠርዙ የቆመ የአውሮፕላን ክንፍ ነበር። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሁለቱም ቁጭ ብለው ስለሚሠሩ ከክንፉ በላይ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነው።

“አንቺ! ወጋሽኝ እኮ!”

“ጣትህን ከመርፌ ፊት ደቅን ያለህ ማን ነው?”

“ካልዳሰስኩ የት እንደምትወጣ በምን ልወቅ?”

“አርባ ዓመት ስሰፋ ረዳት ኖሮኝ አያውቅም። በስተርጅና ባገኝ ደግሞ አልቃሻ!”

ባልየው ሳቀ። ሲስቅ ክንፉ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም “ዝም በል፣ ስፌቴን ታበላሽብኛለህ” ብላ ተቆጣች። ስትቆጣም እየሳቀች ነበር። ይህ የቀኙ ክንፍ ነው። በቀኙ ክንፍ ላይ ምንም እንከን አልነበረም።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ብረት ሲሽከረከር እያየ ከፀጉር የቀጠነች ስህተት የሚለይ ዐይን ነበረው። ጡረታ ሲወጣ ጓደኞቹ የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። ሰዓቱን ሰቀለና በሳምንቱ፣ ልጃቸው አግብታ ከለቀቀችው ክፍል አልጋውን አውጥቶ ረጅም ጠረጴዛ አስገባ። ከአሮጌ መጽሔት ያገኘውን የአንድ የጦር አውሮፕላን ንድፍም ግድግዳው ላይ ለጠፈ። በዚያ አውሮፕላን ዘመን ክንፍ የሚሠራው ከእንጨትና ከጨርቅ ነበር። እሱ ያሰበው የእውነተኛውን ሩብ የሚያህል፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሦስት ሜትር የሚሆን፣ በቤንዚን ሞተር ከመሬት ተነስቶ በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ነው።

“ምነው ሰው የሚያመላልሰውን ዓይነት ብትሠራ?” አለችው ያኔ። “የጦር አውሮፕላን ምን ያደርግልሃል?”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የሚያመላልስ ስጠግን ኖሬያለሁ። ይበቃኛል።”

ስድስት ዓመት ፈጀ። ሞተሩን ከተጣለ የሞተር መጋዝ አወጣው። የክንፎቹን ጎድኖች አንድ በአንድ ከስስ ኮምፔርሳቶ ቆረጠ፤ አርባ ስድስት ነበሩ፣ የተበላሹት ሳይቆጠሩ። መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ትንንሽ ሞተሮች በየቦታቸው አስገባ። ማእዘን ላይ ያለው ባለሱቅ “ጄኔራል” የሚል ስም አወጣለትና ባለፈ ባገደመ ቁጥር “ጄኔራል፣ ጦርነቱ መቼ ነው?” እያለ ይጠይቀዋል። እሱም ሳይቆም “ክንፍ ስናበቅል!” ብሎ ያልፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ የሚስቁበትም ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ መግባት ጀመረች። መጀመሪያ ሻይ ልታቀብል ነበር። ኋላ ለአብራሪው አሻንጉሊት ከአሮጌ ጓንቷ የቆዳ ቆብ ሰፋችለት። የልብስ ንድፍ የምታስተላልፍባትን ባለጥርስ ትንሽ ጎማ ይዛ መጥታም በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ስታንከባልላት፣ የብረት ሚስማር የተመታበት የሚመስል ረድፍ ነጠብጣብ ወጣ። ባሏ እጁን በአፉ ጫነ።

“እንዲህ ያለ ዕቃ ቤትሽ ውስጥ እያለ ስድስት ዓመት ዝም አልሽኝ?”

“ጠየቅኸኝ?”

ከዚያ ወዲያ የጨርቁ ሥራ የእሷ ሆነ። ጨርቁ ሙቀት ሲነካው የሚኮማተር ልዩ ጨርቅ ነው፤ ልጃቸው አስፈልጋ ሁለት ወር ጠብቀው ያገኙት። ጠርዙን በኮላ ከእንጨቱ ጋር ያጣብቁታል፣ በካውያ ሲያሞቁት ይወጠራል፣ ከዚያ ከየጎድኑ ጋር ይሰፋል። ባልየው የቀኙን ክንፍ ስትተኩስ አጠገቧ ቆሞ አንዲት ነገር እየደጋገመ ይነግራት ነበር።

“ትንሽ ከላይ፣ ትንሽ ከታች። አንዱን ፊት ጨርሰሽ ወደ ሌላው እንዳትሄጂ። ጨርቁ ሲኮማተር አጥንቱን ይጎትታል፤ ባንድ ወገን ብቻ ከጎተተው ክንፉ ይጠመዘዛል። እንደ ሕመምተኛ እያገላበጥሽ!”

“ሰማሁ። ካውያ ከማንሳትህ በፊት ካውያ ያነሳሁ ሴት ነኝ።”

ይህን ስትል ቀልዷ ነበር። ግማሹ ግን እውነቷ ነው። ከእጇ ወጥቶ የተመለሰ ልብስ የለም፤ ሠፈሩ ሁሉ የሚመሰክረው ነው።

የግራውን ክንፍ የምትወጥርበት ቀን ባሏ ዐይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረው። ወዳጁ ባለታክሲው መጥቶ ወሰደው። ይህ ባለታክሲ ራሱ ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚያበር፣ ትልቁንም ሊያበርላቸው ቃል የገባ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ እሷ፣ ካውያውና ክንፉ ብቻ ቀሩ።

ሥራውን እንደተባለችው ጀመረችው፤ ትንሽ ከላይ፣ ትንሽ ከታች። ጥቂት እንደሄደች በሩ ተንኳኳ። የደንብ ልብሷን ጉርድ ለማሳጠር ሰጥታት የነበረች የባንክ ሠራተኛ ናት።

“እትዬ፣ ከምሳ በኋላ ካልለበስኩት አለቃዬ ይበላኛል!”

“አይበላሽም፣ አጥንት ብቻ ነሽ። ሂጂና በስድስት ሰዓት ነይ።”

ደንበኛዋን ሸኝታ ስትመለስ ካውያው ግሎ ነበር። ጉርዱም አእምሮዋ ውስጥ ገብቷል። እጇ የሚያውቀውን መንገድ ያዘ። ኮት ሲተኮስ አንዱ ፊት ተጠናቆ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው፤ አርባ ዓመት እንዲያ ነው ያደረገችው። የላዩን ፊት ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ተኮሰችው። ጨርቁ እየተወጠረ ሽብሽቡ ሲጠፋ ደስ አላት። በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ ከበሮ ድም አለ። ገለበጠችና የታቹንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ክንፉን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ጉርዱን ልትጨርስ ሄደች።

ጉርዱን ጨርሳ ስትመለስ ክንፉን በእጇ ነካችው። ተንገዳገደ። አንዱ እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ባሏ እንዳስተማራት ከኋላው ተንበርክካ አንድ ዐይኗን ጨፈነችና ጠርዙን ይዛ አየች። ከሥሩ እስከ መካከሉ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ጫፉ ላይ የኋላ ጠርዙ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ቀና ብሏል።

በእጇ ተጫነችው፤ ስትለቀው ተመለሰ። የድሮ የልብስ ስፌት መኪናዋን ራስ ተሸክማ አምጥታ ጫፉ ላይ አስቀመጠች፤ አጠገቡም የከሰል ካውያዋን ጨመረች። ከዚያ ወንበር ስባ እንደ ሐዘንተኛ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ‘አንድ ጣት ምን ትሆናለች?’ አለች በሆዷ። ‘ቀሚስ ላይ አንድ ጣት ቢዛነፍ በስፌት ይዋጣል። የቀኙ ያቃናው ይሆናል። ነገሩም መጫወቻ ነው።’ የታክሲው ጥሩምባ ደጅ ሲሰማ ዘላ ተነስታ ክብደቱን አወረደች። ክንፉ እንደነበረው ሆነ።

ባልየው ገብቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ምን አለህ ሐኪሙ?”

“ሞራ ነው አለኝ። የቀኝዋ ሄዳለች ማለት ይቻላል፣ የግራዋም እየተከተለቻት ነው። ወር ከምናምን በኋላ ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ ቀዶ ጥገና ሠርተን እናየዋለን ነው የሚለው። እስከዚያ ጥቃቅን ሥራ ተው ተባልኩ።” ከዚያ “ስድስት ዓመት ጥቃቅን ሥራ የሠራሁበት ዐይን፣ ያለቀ ለት ላያየው ነው” አለ።

አንጀቷን በላው። እሱም ጠረጴዛውን እየዳበሰ ወደ ክንፉ ሄደና መዳፉን ዘርግቶ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር አሻሸው። ፊቱ ፈካ።

“እንደ ከበሮ! አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ለዚህ ነው የተፈጠርሽው። በይ ከኋላው ሆነሽ እይልኝ፤ እኔ ጉም ነው የሚታየኝ። ቀጥ ያለ ነው?”

ተንበረከከች። አንድ ዐይኗን ጨፈነች። የምታየውን ታውቀዋለች።

“ቀጥ ያለ ነው” አለች።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ዐይኔን ግንባር ያድርገው!”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ማለት አላስፈለጋትም ነበር፤ ቀጥ ያለ ነው ብላ ዝም ብትል በቂ ነው። ባሏ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት ልነግረው ነው ያላለችበት ቀን የለም። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች። ቁርስ ላይ ደስ ብሎት ካየችው ደስታውን ላለማጥፋት ትተዋለች፤ ከፍቶት ካየችው በቁስሉ ላይ እንጨት ላለመስደድ ትተዋለች። የግራውንም ክንፍ እንደ ቀኙ ከወዲህና ከወዲያ ሆነው ሰፉት። በያንዳንዱ ቋጠሮ ጥፋቷን የምትቆልፍበት መሰላት። እሱ ከማዶ ሆኖ ያፏጫል።

“ምነው ዛሬ አትሰድቢኝም?” አላት።

“ምን አደረግህና?”

“ሳላደርግም ትሰድቢኝ ነበር እኮ!”

ባለታክሲው መጥቶ ግራጫና አረንጓዴ ቀለም ነፋበት። ልጃቸው መጥታ አባቷን ከአውሮፕላኑ ጋር ፎቶ አነሳችው፤ እናቷን “እማ፣ ነይ እንጂ ግቢ፣ ክንፉ ያንቺ አይደል?” ብላ ብትጠራት እናትየው ፀጉሬን አልሠራሁም ብላ ወደ ኩሽና ሸሸች። ክንፉ በአካሉ ላይ ሲገጠም ባለታክሲው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱን ፊቱን ታየው ጀመር። እሱ ግን ከፊት ለፊት ነው ያየው፤ ቀና ብሎም “ጋሼ፣ በሪሞቱ ብቻ ልፈትሻት ወይስ ክንፉንም ልለካ?” አለ።

“ክንፉን ተወው” አለ ባልየው። “ክንፉን ያየችው እሷ ናት።”

ይህን ሲል እንዴት ያለ ኩራት ነበረው! እሷ ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

የበረራው ቀን ፀጥ ያለ እሑድ ጠዋት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ የጭነት መኪኖች የሚሞከሩበት አሁን የተተወ ሰፊ አስፋልት አለ፤ ወደዚያ ሄዱ። የጋራዥ ጓደኞቹ መጡ፣ ባለሱቁም ሱቁን ዘግቶ መጣ። “ጄኔራል፣ ዛሬ ካላሸነፍክ ሠፈር እንዳትገባ!” አለው፤ ሳቁ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ሦስተኛው ላይ ያዘ። ድምፁ የእውነተኛ አውሮፕላን ነበር፤ ደረት ውስጥ ይገባል። ባልየው ሚስቱን ክንዷን ይዞ “ንገሪኝ፣ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ” አላት፤ ከርቀት የሚታየው ጥላ ብቻ ነውና።

“ጀመረ” አለችው። “እየሮጠ ነው። ጭራው ተነሳ።”

“ከዚያስ?”

“ተነሳ! ከመሬት ለቀቀ!”

ሁሉም አጨበጨበ። የባሏ ጣቶች ክንዷን ጨመቁት። አውሮፕላኑ ከዛፎቹ በላይ ሳይደርስ ግን ወደ ግራ ዘመም ማለት ጀመረ። ባለታክሲው ሪሞቱን ወደ ቀኝ ይዞ ቀረ፤ ትንሽ ቀና አለና ደግሞ ዘመመ።

“ንገሪኝ እንጂ!”

የነገረው ባለታክሲው ነው፤ ላቡ እየወረደ “ጋሼ፣ ግራዋ ከብዷታል! ሙሉ ቀኝ ይዤ ነው የምሄደው፣ ላውርዳት!” አለ። አንድ ዙር አዞራት። ስታርፍ ፍጥነቷ ሲቀንስ ግራው ወደቀ፤ የክንፉ ጫፍ አስፋልቱን ነካ፣ አውሮፕላኑ ተሽከረከረ፣ አንድ ጎማ ተገንጥሎ ለብቻው እየተንከባለለ ሄደ። ሰው አልተጎዳም። የክንፉ ጫፍ ተሰባብሮ፣ ጨርቁ ተቀድዶ፣ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ቀድሞ ተጣሞ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም ሊለየው አይችልም።

ይህን እሷም ወዲያው ነው የተረዳችው። እፎይ ያለች መሰላት፤ ወዲያውም በእፎይታዋ አፈረች።

ባልየው ወደ ስብራቱ ሄዶ ተንበረከከና በእጁ ዳሰሰ። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆመ።

“የኔ ጥፋት ነው” አለ። “የግራውን መሪ የምትገፋውን የሽቦ ዘንግ ያጠፍኳት እኔ ነኝ። በዳሰሳ ነው ያጠፍኳት። አጣምሜአታለሁ።”

“ኧረ ጋሼ፣ ንፋስም ሊሆን ይችላል…”

“ንፋስ የለም፤ ዐይን ነው የሌለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ።”

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ባለሱቁ ቆሞ ነበር፣ ጓደኞቹ ቆመው ነበር፣ ባለታክሲውም ቆሞ ነበር። አፏን ዘጋች። ‘ቤት ስንገባ’ አለች። ቤት ሲገቡም አልነገረችውም።

ዐሥራ ስድስት ቀን ሆነ። ባልየው ያን ክፍል ዘጋው። ፉጨቱ ጠፋ። ጠዋት ተነስቶ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ባለሱቁ እንኳ ጄኔራል ማለቱን ትቶ “ጋሼ፣ እንደምን አደሩ” ብሎ ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ባሰ። ልጃቸው የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ መድረሱን ልታስታውሰው ስልክ ብትደውል “ለምኑ ነው? ምን ላይበት? ይቅርብኝ” ብሎ ዘጋባት። ልብስ ሰፊዋ ምግብ ታቀርባለች፣ ታነሳለች። የሰፋችውን ትፈታለች። የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ገልብጣ ገጥማ፣ በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ተመልሶ መጣባት። እግዜር ቀጣኝ አለች እንጂ አላዘነችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእሷ ግን የሚያመው ሌላ ሰው ላይ ነበር።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ከክፍሉ የዕቃ ኳኳታ ሰማች። ደስ ብሏት ብትሮጥ ባሏ ትንሿን መጋዝ፣ መላጊያዎቹን፣ ካቻቢቴዎቹን፣ ፒንሳዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ የብረት ሣጥኑ ውስጥ ሲደረድር አገኘችው። ያ ሣጥን በቶርኖ ቤት ሳለ በእጁ የሠራው ነው።

“የሙያ ትምህርት ቤቱን መምህር በስልክ አነጋግሬዋለሁ” አላት። “ተማሪዎቹ ይማሩበታል። እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ ብሎኛል፤ አድርሺልኝ።”

“አንተስ አትሄድም?”

“እኔ ስሰጥ ማየት አልፈልግም።” ከዚያ ቀስ ብሎ “ለማየትስ” አለና ተወው።

ሣጥኑን የገበያ ጋሪዋ ላይ አስራ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ሦስት መንገድ ማዶ ነው። ጋሪዋ በየጉድጓዱ ስትነጥር ዕቃዎቹ ውስጥ ውስጡን ይንኳኳሉ። አንዱ እግረኛ “እማማ፣ ባንክ ዘርፈው ነው?” ብሎ ቀለደባት፤ አልመለሰችለትም። ከትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ ዘበኛው ብድግ ብሎ ተቀበላት።

“መምህሩ ነግረውኛል፤ ይግቡ ይግቡ፣ እየጠበቁዎት ነው። ያ የመጨረሻው ክፍል ነው።”

ከግቢው ማዶ በተከፈተው በር ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ይታያል፤ መምህሩ የላስቲክ ሽርጡን አጥልቆ በጨርቅ እየወለወለው ነው። ለሣጥኑ ቦታ ሊያስተካክል። ልብስ ሰፊዋ የጋሪውን እጀታ ይዛ ቆመች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህን ሣጥን ካስቀመጠች በኋላ ለባሏ የምትነግረው ነገር ሁሉ ለምንም አይሆንም፤ ይህን ቁልጭ አድርጋ አየችው። እስከ አሁን የደበቀችው ቃል ነበር። አሁን በገዛ እጇ የሰውየውን እጅ ቆርጣ ልታስረክብ ነው የመጣችው።

“እማማ፣ ልግፋልዎት?” አለ ዘበኛው።

“የለም። የረሳሁት ነገር አለ” አለችውና ጋሪዋን አዞረች።

ባሏ በረንዳው ላይ ነበር። ዕቃው ሲንኳኳ ሰምቶ አንገቱን ቀና አደረገ።

“ምነው ቶሎ መጣሽ? አልነበረም?”

“ነበረ። በሩ ድረስ ደርሼ ነው የተመለስኩት።” ሣጥኑን ከነጋሪው ደፉ ላይ ተወችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ልትቀመጥ አልደፈረችም። “ግራውን ክንፍ ያጣመምኩት እኔ ነኝ። አንተ ሐኪም ዘንድ የሄድክ ለታ። አንዱን ፊት ጨርሼ ነው ወደ ሌላው የሄድኩት፣ እንደ ኮት። ከመብረሩ በፊት ነው የተጠመዘዘው። ዘንጓ ላይ ምንም የለም።”

እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

“ስንት ነበር?” አለ ባልየው።

“አንድ ጣት።”

“በማን ጣት? ባንቺ ወይስ በኔ?”

“በአንተ።”

“አየሽው?”

“አየሁት።”

“እንዲያ ጠይቄሽ…”

“በዐይኔ ማልኩልህ። አዝነህ መጥተህ ነበር፤ ፈራሁ። አፈርኩም። ኋላ ደግሞ ቀን እየበዛ ሲሄድ፣ ቀኑን ራሱን ፈራሁት።”

ባልየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ ዞረ። ሲናገር ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

“ክንፍ ይጣመማል። እኔ ራሴ ስንቱን አጣምሜአለሁ። ብትነግሪኝ ካውያውን አሙቀን፣ አንቺ እየተኮስሽ እኔ ወደ ታች ጠምዝዤ ይዤው፣ ሩብ ሰዓት ነበር የሚፈጅብን።” ትንፋሽ ወሰደ። “ሩብ ሰዓት! እኔን ግን ዐሥራ ስድስት ቀን ዕውር አደረግሽኝ።”

ይቅር በለኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። እሱም ይቅር ብያለሁ አላለም። ተነስቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ አለፋትና የተዘጋውን ክፍል ከፍቶ ገባ። የተሰበረውን ክንፍ ጠረጴዛው ላይ ሲጎትት ሰማችው። እዚያው ደፉ ላይ ቆማ ቀረች፤ ግቢ ያላት የለም፣ ውጪ ያላትም የለም።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ተጣራ። “አንቺ” አለ እንጂ እንደ ወትሮው ቀልድ አልጨመረበትም።

“አቤት።”

“ፒንሳዬን አምጪ። ረጅም አፍ ያላትን። ዘንጓን ነቅዬ ልዳስሳት።”

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የሣጥኑን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው እንቢ አላት፤ በጥርሷ ፈታችው። የግድግዳው ሰዓት አራት ተኩል ይላል። ሳሎን ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ መምህሩ መሆን አለበት፣ ሌላ በዚህ ሰዓት የሚደውልላቸው የለም። ወደ ክፍሉ ተመለከተች። ባሏ ጀርባውን እንደሰጣት ነው፤ አንሺው አላለም፣ ተዪውም አላለም፤ መዳፉን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግቶ ይጠብቃል። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም ሲል እሷ ገና ከካቻቢቴዎቹ ሥር ረጅም አፏን ፒንሳ ትፈልግ ነበር።